የታኅሣሥ አበባና የደሴዋ ድመት፦ የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

ድመቶች በግቢ ተክል የተጎዱበት ይህ ነገር የደረሰው ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት ግቢዎች በአንዱ ነው። በግቢው ሁለት ድመቶች አሉ፤ 3.2 ኪሎ የምትመዝን እናትና 1.9 ኪሎ የምትመዝን የስድስት ወር ልጇ። ልጅቱን ቤተሰቡ ውሮ ይላታል። ሁለቱም የተያዙት ለአይጥ ነው፤ ጓዳው የጤፍና የገብስ ጆንያ የማይለየው ቤት ነውና።

የግቢው አረንጓዴ ነገር አብዛኛው ሰኩለንት የሚባለው ዓይነት ነው፦ ቅጠሉ ወይም ግንዱ ወፍራም ሆኖ ውሃ የሚያጠራቅም፣ ቢረሱት የማይሞት። በረንዳው ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ ሦስት ካላንቾዎች አሉ፤ ከችግኝ ሻጭ የተገዙ፣ ሮዝና ብርቱካንማ የሚያብቡ። ከአጠገባቸው ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው ክራሱላና ቅጠሉ ክብ ሠርቶ የሚደራረብ ኤቼቬሪያ። በር ላይ እሬት፣ ከጓሮ በለስ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ እንዳሁላ። ከጎረቤት የሚለየው አጥር ደግሞ ቅንጭብ ነው።

እነዚህ ተክሎች እዚያ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል፤ እናቲቱም ድመት አብራቸው ኖራለች። አንድ ቀን ችግር የመጣው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከመርዙ ዓይነት እኩል ይመረመራል።

ሌሊቱና ጠዋቱ

በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ብርዱ ጠነከረ፤ ከቦሩ ሜዳ በኩል ውርጭ መጣሉም ተወራ። ካላንቾ ውርጭ አይችልም፤ አንድ ሌሊት ብቻ ቅጠሉን አጥቁሮ ያዋርደዋል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ቆርቆሮዎቹን ማታ ማታ ወደ ሳሎን ማስገባት ጀመሩ። ድመቶቹም የሚያድሩት እዚያው ሳሎን ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ውሮ ሶፋው ሥር አስመልሳ ተገኘች። በትውከቱ ውስጥ የተቆራረጠ ወፍራም ቅጠልና ሮዝ የአበባ ቅጠሎች ነበሩ። እስከ 3 ሰዓት ሁለት ጊዜ ደገመች፤ ከዚያ ተቅማጥ ጀመራት፣ ምራቋ ይዝረበረብ ነበር፣ ብትጠራም ቀና አትልም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «እትዬ፣ ወተት ያጠጧት፤ ወተት መርዝ ይሰብራል» አሉ። ሌላው ጨው በውሃ በጥብጦ መጋት ይሻላል ባይ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ልጅ ግን «እማዬ፣ ምንም እንዳትሰጫት፤ ትውከቱን ብቻ በላስቲክ ያዥልኝ» አለችና ድመቷን በካርቶን ይዛ ወጣች። ከተደረገው ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ይኸው ነው። ወተት ይህን መርዝ አያረክስም፤ ጡት የጣለ ድመት ደግሞ የወተቱን ስኳር በቅጡ ስለማይፈጭ ተቅማጡ ይብስበታል። የጨው ውሃ ከዚህ ይከፋል፤ 2 ኪሎ በማትሞላ እንስሳ ደም ውስጥ ጨው ከመጠን ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል፣ መንቀጥቀጥና ሞት ያስከትላል። ደክማ የተኛች ድመት አፍ ውስጥ በግድ የሚፈስ ነገርም ወደ ሳንባ ይገባል። ድመትን እቤት ውስጥ ለማስመለስ የሚያስተማምን ነገር የለም፤ ለውሻ የሚሰጠው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንኳ የድመትን ጨጓራ ያቆስላል። ፓራሲታሞል ደግሞ በፍጹም አይነካም፤ የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል አንዲት የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ትገድላለች።

ክሊኒኩ ውስጥ

እንደ አብዛኛው የአካባቢያችን የእንስሳት ክሊኒክ ይህም የለመደው ላም፣ በግና በቅሎ ነው። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፦ «የአይጥ መርዝ ቤት ውስጥ አስቀምጣችኋል?»

በወሎ ጓዳዎች ውስጥ የሚያሰጋው ነገር ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ምልክቱም ከዕፅዋት መርዝ ጋር ይምታታል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ የአይጥ መርዝ ከሆነ ትውከቱ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል (ያን ሽታ አስጠግቶ ማሽተት ለሰውም አደጋ ነው)። የእህል ነቀዝ ወይም የተባይ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ምራቅ ይበዛል፣ የዓይኗ ብሌን ይጠብባል፣ ጡንቻዋ ይርገበገባል፣ ልቧም ሊዘገይ ይችላል። የውሮ ብሌን ግን ደህና ነበር፣ ጡንቻዋም አይርገበገብም፣ ሽታም የለም። በላስቲክ የመጣው ትውከት ውስጥ ያለው ቅጠልና አበባ ከካላንቾው ቅርንጫፍ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ጥያቄው ተዘጋ።

ሙቀቷ 37.2 ነበር፤ የጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ነው። ልቧ በደቂቃ 88 ጊዜ ይመታል፣ ያውም ሳይስተካከል። ክሊኒክ የገባች ድመት በፍርሃት ብዙውን ጊዜ ከ140 እስከ 220 ትመታለችና ይህ በጣም ዝቅተኛ ነው። የልብ መቅረጫ መሣሪያ ስላልነበረ ሐኪሙ በአንድ እጁ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ፣ በሌላው ጣቱን በታፋዋ ውስጠኛ ክፍል የደም ስር ላይ አድርጎ ቆጠረ። ልብ መትቶ ታፋ ላይ ያልደረሰ ምት ካለ የልቡ ሥርዓት ተዛብቷል ማለት ነው፤ ነበረም።

በካላንቾ ውስጥ ያለው ቡፋዳይኖላይድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አበባው ላይ ይበረታል። የልብ ሕዋስ ሶዲየምን አስወጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባበትን ፓምፕ ይዘጋል። ፓምፑ ሲዘጋ ሶዲየም ውስጥ ይከማቻል፣ እሱን ተከትሎ ካልሲየም ይጠራቀማል፤ ልብ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ ምቱ ይዘበራረቃል። ትውከቱና ተቅማጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ የልቡ ነገር ግን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል «አስመልሳ ተሻላት» ብሎ ወዲያው ወደ ቤት መመለስ ያታልላል። ለከብትም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ ሞሪ በተባለ አካባቢ 125 ከብቶች የዚሁ ቤተሰብ አረም ግጠው አልቀዋል። የኛው እንዳሁላ ከዚሁ ወገን ነው። ለቁስልና ለስብራት ስለሚታሰር መድኃኒት ነው፣ አይጎዳም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከቆዳ ላይ የሚታሰርና የሚበላ ግን አንድ አይደለም።

ሕክምናው በቅደም ተከተል እንዲህ ሄደ። ትውከቱ ጋብ እስኪል ከተጠበቀ በኋላ፣ መዋጥ እንደምትችል ታይቶ፣ የሕክምና ከሰል ዱቄት በኪሎ 2 ግራም ሒሳብ፣ ማለትም ወደ 4 ግራም፣ በውሃ ተበጥብጦ ከጉንጯ በኩል ቀስ በቀስ ተሰጣት። ይህ ከሰል መርዙን በላዩ ላይ ይይዛል፤ የማንደጃ ከሰል ተፈጭቶ ይህን ሥራ አይሠራም።

ለልቧ፣ የዘገየ ምትን የሚያፈጥነው አትሮፒን ታዘዘ። አትሮፒን ክሊኒኩ ውስጥ አለ፤ በተባይ ኬሚካል ለተመረዙ ከብቶች ይያዛል። ችግሩ መጠኑ ነው። በኪሎ 0.04 ሚሊ ግራም ሲባል ለውሮ 0.076 ሚሊ ግራም ይሆናል። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ ይህ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ ለላም በለመደ ስሪንጅ እጥፉን መስጠት ቀላል ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትሩ በ9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በመርፌ የሚሰጥ የጨው ውሃ) ተቀጥኖ 0.76 ሚሊ ሊትር ተወጋች። ከብት ለሚያክም ባለሙያ ይህች የማቅጠን ልማድ ከማንኛውም የድመት መድኃኒት ትበልጣለች።

በትውከትና በተቅማጥ የወጣባትን በሚተካው ፈሳሽም ላይ አንድ ወጥመድ ነበር። በየክሊኒኩ ቅርብ የሚሆነው ሪንገር ላክቴት ነው፤ ውስጡ ካልሲየምና ፖታሲየም አለው። የልቧ ሕዋስ ካልሲየም አጨናንቆት ሳለ ሌላ ካልሲየም መጨመር አይገባም። ወልዳ የወደቀች ላምን የሚያስነሳው የካልሲየም መድኃኒትማ ለእንዲህ ያለች ድመት ጭራሽ አይታሰብም። የተሰጣት ኖርማል ሳላይን ነው፤ በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ተደርጎ፣ 30 ሚሊ ሊትር በትከሻዋ መካከል ከቆዳ ሥር፣ ከሰዓታት በኋላ ተደግሞ። የቀን ፍላጎቷ ወደ 110 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን፣ የወጣባትን ሳይጨምር፣ በአንድ ቦታ ሁሉን ማፍሰስ አይቻልም።

የልቧ ምት ማታ 112፣ በማግስቱ ጠዋት 148 ደረሰ። በሁለተኛው ቀን የተቀቀለ ሥጋ በላች። ቤት ከገባች በኋላ የእመቤቲቱ ልጅ ጠዋትና ማታ ውሮ ስትተኛ ጠብቃ፣ መዳፏን ከድመቷ የግራ ክንድ ኋላ ደረቷ ላይ አድርጋ 15 ሰከንድ ቆጥራ በ4 ታባዛ ነበር። በቤቷ፣ ተረጋግታ የተኛች ድመት ከክሊኒኩ ቁጥር ዝቅ ትላለች፤ 120 አካባቢ አያስደነግጥም። ከ100 በታች ግን ይዞ ወደ ሐኪም ነው።

ሁለተኛው ጉዳት፣ ከመፍትሔው የመጣ

ቤተሰቡ ደነገጠ። «አንድም መርዛም ነገር ግቢዬ ውስጥ አይደር» ተባለና በዚያው ሳምንት የቀን ሠራተኛ ተጠርቶ ቅንጭቡ በገጀራ እስከ ወገብ ተጨፈጨፈ። ቁጣው ይገባል፤ ውሳኔው ግን የተሳሳተ ነበር። ቅንጭብ ሳይነካ ሲቆም ድመት እምብዛም አታኝከውም፤ ሲቆረጥ ግን ከየጉቶው ነጭ ወተት ይፈስሳል፣ መሬቱና ቅርንጫፉ ሁሉ ወተት ይሆናል። እናቲቱ ድመት በለመደችው ቀዳዳ ልታልፍ ከሥሩ ገባች። ከሰዓት በኋላ ቀኝ ዓይኗ ተዘግቶ፣ እንባና ምራቅ እየወረደ፣ በእግሯ ፊቷን እያሸች ተገኘች።

የቅንጭብም የቁልቋልም ወተት ከልብ ጋር አይደለም ጠቡ፤ የነካውን ያቃጥላል። ቆዳን ያሳብጣል፣ አፍን ያቆስላል፣ የዓይንን መስተዋት (ከፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን) ይልጣል። ቤተሰቡ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጠረገላት፤ ያ ወተቱን ወደ ሌላው ዓይን ያዳርሳል። የሚሻለው ወዲያውኑ ማጠብ ነው። አንድ ሰው ድመቷን በፎጣ ጠቅልሎ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥቶ ይይዛል፣ ሌላው ጓንት ወይም ላስቲክ እጁ ላይ አድርጎ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ቢቻል 20። ንጹህ ውሃ ይበቃል፤ ጊዜ ካለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ቢሟሟ ብዙም አያቆጠቁጣትም። ጨው ፍለጋ ግን አንድ ደቂቃ መባከን የለበትም። ጸጉሯ ላይ ደርቆ የተጣበቀውን በምግብ ዘይት አሽቶ ማለስለስ፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ፣ ካልለቀቀ ጸጉሩን መቁረጥ ነው፤ አለዚያ እየላሰች ትውጠዋለች።

ሐኪሙ ቁስል በሚያሳይ የዓይን ቀለም ሲያየው የዓይኑ መስተዋት ላይ ላይኛው ሽፋን ተልጦ ነበር። የታዘዘው 1% ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው፣ በቀን 4 ጊዜ ለ7 ቀን። ትራኮማ በሚያስቸግርበት አገራችን ይህ ቅባት በብዙ ቤት ስለሚገኝ ሰው እንደ ተራ ነገር ያየዋል። የሚያስፈራው ከጎኑ የሚቀመጠው ሌላው ጠብታ ነው፦ ዴክሳሜታዞን ያለበት። ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋል፣ የተላጠው መስተዋት እንዳይድን ግን ያግዳል፣ ሊበሳውም ይችላል። እንዳታሽ ከወፍራም ካርቶን አንገትጌ ተሠራላት፤ በአንገቷና በካርቶኑ መካከል አንዲት ጣት የምታስገባ፣ ጫፉ ከአፍንጫዋ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያልፍ። ዓይኗ ድኗል።

ለምን ያን ጊዜ?

ሁለቱን ጉዳቶች ወደ ኋላ ስናያቸው ምክንያቱ ተክሉ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ወቅቱና የሰው እጅ ተጨምረውበታል። ካላንቾ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ በኛ አገር ይህ ከኅዳር ወዲህ ነው። መርዙ የሚበረታበት አበባ የሚወጣው እንግዲህ የግቢው ሣር በበጋው በሚደርቅበት ጊዜ ነው። ድመት ሥጋ በል ብትሆንም ሣር ማኘክ ልማዷ ነው፤ ክረምት ላይ ጓሮው ሁሉ ሣር ስለሆነ ካላንቾውን ዞር ብላ አታየውም። ታኅሣሥ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ይኸው ወፍራም ቅጠል ነው። ውሮ ከዚያ በፊት ለቡና የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ስታኝክ ትታይ ነበር፤ ማንም አልከለከላትም፣ መከልከልም አያስፈልግም ነበር። ቄጠማ ባልነበረበት ሌሊት፣ በተዘጋ ሳሎን፣ ያበበ ካላንቾ አጠገቧ ተቀመጠላት። ልምድ የሌላት፣ ሁሉን በአፏ የምትሞክር ግልገል መሆኗም ተጨመረ።

ስለዚህ ሁሉን ከመንቀል ይልቅ በሚያደርሱት ጉዳት ተለይተው ተያዙ። ካላንቾና እንዳሁላ ልብ የሚነኩ ስለሆኑ ድመት በማይደርስበት ብቻ። ሦስቱ ካላንቾዎች ድመት ወደማታሳድግ እህት ቤት፣ ኮምቦልቻ፣ ሄዱ፤ እዚያ ከደሴ ዝቅና ሞቅ ያለ ስለሆነ ውርጩም አያስቸግራቸውም። ካቡ ሥር ያለው እንዳሁላ ከነሥሩ ተነቀለ፤ የወደቀው ቅጠልም ተለቅሞ። ማቆየት የፈለገ ሰው ቢያንስ የአበባውን ዘንግ ገና እምቡጥ ሳለ ይቁረጥ፣ ውርጭ ሲመጣም ወደ ቤት ከማስገባት ይልቅ ውጭ ከድንጋይ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በጭድ ሸፍኖ፣ ፀሐይ ሲወጣ ይግለጠው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ብርዱን ይበልጥ ይቋቋማል። የማዳበሪያ ከረጢት ለመሸፈኛ ከተፈለገ በደንብ ይታጠብ፤ የዩሪያው ትራፊ ራሱ ሌላ መርዝ ነው። ከፍ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን አያዋጣም፤ ድመት ከቆመችበት አንድ ሜትር ተኩል ያለ ችግር ትዘልላለች።

እሬትና ክራሱላ ጨጓራና አንጀት የሚነኩ ናቸው። የእሬት ችግር ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ነው፤ አንጀት ውስጥ ውሃ እየሳበ ተቅማጥ ያመጣል። ውስጡ ያለው ዝልግልግ ብዙም አይጎዳም። ምሬቱ ራሱ ስለሚጠብቀው እሬቱ በበር ላይ ቀርቷል፤ ለፊትና ለጸጉር ሲቆረጥ የሚጣለው ልጣጭ ግን ክዳን ባለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይገባል። ክራሱላው ትውከትና መንገዳገድ ስለሚያመጣ በመስኮቱ ውጭ በኩል፣ የሽቦ ወንፊት ከተደረገለት በኋላ፣ ተቀመጠ። ኤቼቬሪያ ለድመት አይመርዝም፤ ውሮ ሁለት ቅጠሉን በልታ ምንም አልሆነችም። በለስም መርዝ የለውም፣ እሾኹ ብቻ፤ በተለይ ጸጉር የሚመስለው ጥቃቅኑ፣ ምላስ ላይ ከተሰካ በወረንጦ አንድ በአንድ መልቀም ነው።

ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሣር ተተከለላቸው። አሠራሩ፦ 50 ግራም ያህል የምግብ ገብስ ሌሊቱን 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ሥሩ በተበሳ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ በ3 ሴንቲ ሜትር አፈር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ተዘርቶ፣ በስሱ አፈር ተሸፍኖ፣ በየቀኑ ይረጫል። በደሴ ብርድ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ቆርቆሮ ይዘራል፣ ቢጫ ወይም ሻጋታ የያዘው ይጣላል። ሲናርም ስንዴም ይሆናል። ዋናው ጥንቃቄ ዘሩ ላይ ነው፦ ለነቀዝ ማላታይን ከተነሰነሰበት ጆንያ ወይም ቀለም ከተቀባ የምርጥ ዘር ከረጢት የወጣ ከሆነ መርዙን ሸሽተን መልሰን መርዝ መዝራት ነው።

የቀረው የቅንጭቡ አጥር ነው። የጋራ ስለሆነ አንድ ወገን ብቻውን ሊያነሳው አይችልም፣ ለሌባም ለእንስሳም ጥሩ መከላከያ ነው። ከጎረቤቱ ጋር የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው፦ የሚቆርጥ ወገን ከአንድ ቀን በፊት ይናገራል፤ ድመቶቹም ሕፃናቱም ያን ቀንና ሌሊቱን ከቤት አይወጡም፤ ቆራጩ ጓንትና መነጽር ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ጉቶ እንደተቆረጠ ወተቱ እንዲቆም ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። ቁርጥራጩ አይቃጠልም፣ ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል፤ መሬት ላይም አይተውም፣ መልሶ ሥር ስለሚሰድ፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ ገጀራውም ከመግባቱ በፊት በዘይትና በሳሙና ይታጠባል።